የሲድኒ ቡሽ ዎከርስ፦ የአንድ የዱር እግር ጉዞ ክበብ አጠቃላይ ዳሰሳ

የሲድኒ ቡሽ ዎከርስ በአውስትራሊያ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ዋና ከተማ በሲድኒ በ1927 የተመሠረተ፣ ወንዶችንም ሴቶችንም በእኩልነት በአባልነት የሚቀበል የእግር ጉዞ ክበብ ነው። አባላቱ ስንቃቸውንና መኝታቸውን በጀርባቸው ተሸክመው፣ ካርታና ኮምፓስ ይዘው፣ የተጠረገ መንገድ በሌለበት ዱርና ገደል አንዳንዴ ለአንድ ቀን፣ አንዳንዴም ለሳምንት ይጓዛሉ። ክበቡ በአገሩ ስም ያተረፈው በመራመዱ ብቻ አይደለም። የረገጠውን ምድር ከመጥረቢያና ከማዕድን ቆፋሪ ለማስጣል ያደረገው ትግል ከጉዞው እኩል ይታወሳል፤ ይህ ጽሑፍም ሁለቱን አይነጣጥላቸውም።

በአዲስ አበባ ቅዳሜና እሁድ ወደ እንጦጦ፣ ወደ መናገሻና ወደ ወንጪ የሚወጡ የሃይኪንግ ቡድኖች እየበዙ ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር ዕድሜው ሲረዝም ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚተዳደር በአማርኛ የሚያስረዳ በቂ ጽሑፍ ስለሌለ ይህ ዳሰሳ ተሰናድቷል። ክበቡ ከ1931 ጀምሮ መጽሔት ያሳትማል። ከዚያ ዘመን የተረፈው ማስታወሻና ደብዳቤም ብዙ ነው፤ ስለዚህ ስለ 1930ዎቹ የሚባለው ነገር ከሌላው ዘመን ይበዛል። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምድሩ

ከሲድኒ በስተምዕራብ በባቡር የሁለት ሰዓት ያህል ጉዞ ላይ ሰማያዊ ተራሮች የሚባለው አገር ይገኛል። ስሙ ተራራ ይባል እንጂ በአሸዋ ድንጋይ የተነጠፈ ሰፊ አምባ ነው፤ ወንዞች ፈልፍለው ዙሪያቸውን በቀጥ ያለ ገደል የታጠሩ ጥልቅ ሸለቆዎች አውጥተውበታል። የአካባቢው ዋና ከተማ ካቱምባ ከባሕር ወለል በላይ 1,017 ሜትር ላይ ትገኛለች። ከዚያ የሚነሣ ተጓዥ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ ከዚያ ማዶውን ይወጣል። ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ጎጃም የወጣ መንገደኛ ይህን ድካም ያውቀዋል።

ከፍታው ብቻውን ማንንም አያስደንቅም። የአውስትራሊያ ዋና ምድር ከፍተኛው ተራራ ኮሲዩስኮ 2,228 ሜትር ሲሆን አዲስ አበባ ራሷ ከእርሱ ትበልጣለች። ተጓዡን የሚፈትነው ገደሉ፣ ልብስ የሚቀድደው ቁጥቋጦና በተረተሩ ላይ ውሃ አለመገኘቱ ነው። ደኑ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ተራሮቹ ከሩቅ ሰማያዊ መስለው መታየታቸውንም ብዙዎች ከቅጠሉ ከሚተነው ዘይት ጋር ያያይዙታል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ገብቶ ከማገዶ ችግር የታደጋት ነጭ ባሕር ዛፍም ከዚያው ከአውስትራሊያ የመጣ ነው።

አገሩ የጉንዱንጉራና የዳሩግ ሕዝቦች ነው። እነርሱ ሸለቆዎቹን ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲመላለሱባቸው ኖረዋል፤ ከአምባው የሚያወርዱትን መተላለፊያዎች አስቀድመው ያወቋቸውም እነርሱ ናቸው። በድሮ ተጓዦች ጽሑፍ ውስጥ በየገጹ የሚገኘው «ማንም ያልረገጠው ምድር» የሚለው አነጋገር ትክክል አልነበረም፤ የዛሬው አንባቢ ይህን ይዞ ሊያነባቸው ይገባል።

ከክበቡ በፊት

በአውስትራሊያ የእግር ጉዞ ማኅበራት ታሪክ እስከ 1890ዎቹ ይደርሳል። በሜልቦርን በ1894፣ በሲድኒ ደግሞ በ1895 ክበቦች ተቋቁመዋል። የሲድኒው ዋራጋምባ የእግር ጉዞ ክበብ አባላት በአብዛኛው በሠረገላ መንገድ እየተጓዙ በእንግዳ ማረፊያ የሚያድሩ የተከበሩ ሰዎች ነበሩ።

ጉዞውን ወደ ዱር ያስገቡት ማይልስ ደንፊ ናቸው። ደንፊ በ1891 ተወልደው በ1985 ያረፉ የሥነ ሕንፃ ባለሙያና የሲድኒ ቴክኒክ ኮሌጅ መምህር ነበሩ። በ1914 ከጓደኞቻቸው ከበርት ጋሎፕና ከሮይ ራደር ጋር ማውንቴን ትሬይልስ የተባለውን ክበብ መሠረቱ። ይህ ክበብ ወንዶችን ብቻ፣ ያውም በግብዣ፣ የሚቀበል ጥቂት ሰዎች ያሉበት ጠባብ ማኅበር ነበር። ደንፊ በየጉዟቸው ማስታወሻ ይይዙ ነበር፤ የሸለቆዎቹንና የተረተሮቹን ካርታ በእጃቸው ነድፈዋል፣ ስም ላልነበራቸው ቦታዎችም ስም አውጥተዋል። ካርታዎቻቸው የመስመሩ ጥራትና የፊደሉ ውበት እስከ ዛሬ የሚደነቁ ሥራዎች ናቸው። ልጃቸው ሚሎ ገና ሕፃን ሳለ ከባለቤታቸው ከማርጋሬት ጋር ሆነው በሕፃናት ጋሪ እየገፉ እስከ ካናንግራ ገደል ድረስ ወስደውታል። ያ ሕፃን አድጎ በአገሪቱ ከታወቁት የተፈጥሮ ተሟጋቾች አንዱ ሆነ።

ምሥረታ

በ1927 ጃክ ደበርት የሚባሉ የእግር ጉዞ ወዳጅ፣ ሰፋ ያለ ክበብ ቢቋቋም መልካም እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ በጋዜጣ አወጡ። ማውንቴን ትሬይልስ የሚቀበላቸው ሰዎች ጥቂት ስለነበሩና ብዙ ፈላጊ ስለበዛበት ሐሳቡን ደገፈ። በኦክቶበር ወር ስብሰባ ተጠራ፤ በዲሴምበርም አዲሱ ክበብ ስሙን አገኘ። መሥራቹ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ዛሬም ሁለት መልስ አለው። አንዳንዶች ክብሩን ለደበርት ይሰጣሉ፤ ሌሎች ደግሞ ደንፊና ጓደኞቻቸው ባይቀበሉት ኖሮ ደብዳቤው ደብዳቤ ሆኖ ይቀር ነበር ይላሉ። የሁለቱም ወገን ክርክር ሚዛን ይደፋል።

የመተዳደሪያ ደንቡ ዓላማዎች ጥቂት ነበሩ፦ መራመድን እንደ ደስታ የሚቆጥሩ ሰዎችን ማሰባሰብ፣ ስለ መንገድና ስለ ዘዴ እርስ በርስ መረዳዳት፣ የአገሩን የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ውበት ለመጠበቅ ጽኑ አቋም መያዝ፣ በአባላት መካከልም ማኅበራዊ ግንኙነት ማዳበር። ሦስተኛው ዓላማ በ1927 የተጻፈ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የአካባቢ ጥበቃ የሚባለው ነገር በመንግሥታት አጀንዳ ከመግባቱ አሥርት ዓመታት አስቀድሞ አንድ የመዝናኛ ክበብ በሕጉ አስፍሮታል።

ሴቶች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ አባላት ነበሩ። በዘመኑ ያላገቡ ወንዶችና ሴቶች አብረው ዱር ማደራቸው፣ ሴቶቹም ቁምጣ ለብሰው ባቡር ጣቢያ መታየታቸው ሐሜት ያስነሣ ነበር። ክበቡ አላፈገፈገም። በኋላ በአገር ውስጥም በውጭም ስሙን ካስጠሩት ሰዎች ዋነኞቹ ሴቶች መሆናቸውም ውሳኔው ትክክል እንደነበረ ያሳያል።

ብሉ ገም

በ1931 በፋሲካ በዓል ሰሞን አለን ሪግቢ የሚባሉ ሠዓሊ የመሩት የተጓዦች ቡድን በግሮስ ወንዝ ሸለቆ ብሉ ገም ወደሚባለው ደን ወረደ። ቦታው ወንዞች የሚገናኙበት ደልዳላ መሬት ሲሆን ግንዳቸው ለስላሳና ቀጥ ያለ ግዙፍ የባሕር ዛፍ ዝርያዎች የቆሙበት ነው። አዲስ ግኝት አልነበረም፤ ቢያንስ በ1875 የሠዓሊዎችና የፎቶግራፍ አንሺዎች ሰፈር በዚያው አካባቢ ተተክሎ ነበር። ተጓዦቹ ሲደርሱ ቢልፒን ከሚባለው መንደር የመጡ ክላሪ ሀንገርፎርድ የተባሉ ገበሬ መሬቱን ከመንግሥት በኪራይ ይዘው፣ ዛፎቹን አድርቀው ዋልነት የተባለውን፣ ፍሬው የሚበላ ዛፍ ሊተክሉ መዘጋጀታቸውን ሰሙ።

ወሬው ሲድኒ ሲደርስ ማውንቴን ትሬይልስና የሲድኒ ቡሽ ዎከርስ ተባብረው ተነሡ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 15 የክበቦቹ ተወካዮች ዝናብ እየዘነበ ከሀንገርፎርድ ጋር እዚያው ደኑ ውስጥ ተገናኝተው ተደራደሩ። ስምምነቱ ገበሬው 130 ፓውንድ ከተከፈላቸው መብታቸውን እንዲለቁ ነበር። ዛሬ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ያኔ ግን ዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ ቀውስ በርትቶ ከአባላቱ ብዙዎቹ ሥራ አጥ ወይም በግማሽ ደመወዝ የሚሠሩ ነበሩ። አዋጡ፣ የዳንስ ምሽት አዘጋጁ፣ ከወዳጅ ዘመድ ለመኑ። የቀረውን ክሊሪ የተባሉ የተጓዦቹ ወዳጅ 80 ፓውንድ ያለ ወለድ አበድረው ሞሉት፤ ክበቦቹም ዕዳውን ቀስ በቀስ ከፈሉ። በሴፕቴምበር 1932 ወደ 16 ሔክታር የሚሆነው መሬት ለሕዝብ መዝናኛ የተከለለ ቦታ ሆኖ ታወጀ።

ገበሬው በእርግጥ ዛፎቹን ሊጥሉ ነበር ወይስ ዋጋ ለመጨመር የተጠቀሙበት ዘዴ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት መልሱ የድሉን ዋጋ አይለውጠውም፤ ሕጉ እንዲቆርጡ ይፈቅድላቸው ነበር፣ ሥራ አጥ የሆኑ ወጣቶች ደግሞ ካላቸው ላይ ቀንሰው መብቱን ገዙ። ደኑ ዛሬ የሰማያዊ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አካል ሲሆን ብዙ አውስትራሊያውያን የአገሪቱ የተፈጥሮ ጥበቃ እንቅስቃሴ የተወለደበት ቦታ አድርገው ያዩታል። በ2006 በግሮስ ሸለቆ የተነሣ ቃጠሎ ጎድቶት ነበር።

ከብሉ ገም በኋላ ሥራው ሥርዓት ያዘ። በ1932 የኒው ሳውዝ ዌልስ የእግር ጉዞ ክበቦች ፌዴሬሽን ተቋቋመ። ደንፊ በበኩላቸው የብሔራዊ ፓርኮች ምክር ቤት አቋቁመው፣ ሰማያዊ ተራሮችን በሙሉ የሚያካትት የፓርክ ዕቅድ ከካርታ ጋር በ1934 በካቱምባ ጋዜጣ ልዩ እትም አሳተሙ። ዕቅዱ ለረጅም ጊዜ ሰሚ አላገኘም፤ የሰማያዊ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የታወጀው በ1959 ነው። በባሕሩ ዳርቻ ግን ጋራዋራ በ1934 ተከለለ። ከሲድኒ በስተሰሜን ያለው ቡዲ ደግሞ በክበቡ አባል በማሪ ባይልስ ጥረት በ1935 ተከለለ። የባይልስ ታሪክ ከዚህ በታች በሰፊው ይመጣል።

የ1930ዎቹ ሰዎች

ፓዲ ፓሊን በ1900 በእንግሊዝ ተወልደው በ1926 ወደ አውስትራሊያ የመጡ ሰው ነበሩ። በ1930 ከሥራ ተሰናበቱ። ከክበቡ ጋር ሲጓዙ ሰው ሁሉ በከባድና በማይመች ዕቃ እንደሚሰቃይ አይተው ነበርና ቤታቸው ውስጥ የጀርባ ቦርሳ፣ የመኝታ ከረጢትና ከቀጭን የጥጥ ጨርቅ የተሰፋ ቀላል ድንኳን መሥራት ጀመሩ። የመጀመሪያ ደንበኞቻቸው የጉዞ ጓደኞቻቸው ነበሩ። ሥራው አድጎ በመላው አውስትራሊያ የታወቀ የሱቆች ድርጅት ሆኗል። በ1936 በግሮስ ሸለቆ ወጣቶች ጠፍተው ክበቦቹ ፍለጋ ከወጡ በኋላ የፌዴሬሽኑ የፍለጋና የነፍስ አድን ክፍል ሲቋቋም ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ፓሊን ነበሩ። ይህ የበጎ ፈቃደኞች ክፍል ፖሊስና ሔሊኮፕተር በማያገኙት ስፍራ ሰው ለመፈለግ እስካሁን ይጠራል።

ዶት በትለር በ1911 ተወልደው በ2008 ያረፉ፣ ባዶ እግራቸውን በመጓዝ የታወቁ ሴት ናቸው። በ1936 ከዶክተር ኤሪክ ዳርክ ጋር በዋራምበንግል ተራሮች ክሬተር ብላፍ የተባለውን የድንጋይ ምሰሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡ፤ ያን ጊዜም ጫማ አልነበራቸውም። በክበቡ ውስጥ «ነብሮች» ተብለው ከሚጠሩት ፈጣን ተጓዦች መካከል ነበሩ። ነብሮቹ ሌላው በሦስትና በአራት ቀን የሚሄደውን በአንድ ቅዳሜና እሁድ ይጨርሱ ነበር፤ አርብ ማታ በባቡር ካቱምባ ደርሰው፣ ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ይገቡ ነበር።

በዚያው ዘመን የኒው ሳውዝ ዌልስ ምድር ባቡር መድረሻቸው የማይነገርባቸው የእሁድ ጉዞዎች በ1932 አዘጋጅቶ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አሰልፎ ነበር። የክበቡ ሰዎች ይህን ግርግር አልወደዱትም። የኮዳና የብስኩት ቆርቆሮ ጥሎ የሚሄድ መንገደኛ ለእነርሱ ተጓዥ አልነበረም። አቋማቸው አንዳንዴ ወደ ኩራት ያዘነበለ ነበር፤ ሆኖም ለምድሩ ካላቸው ቅንዓት የመነጨ ነው።

ጦርነቱና ከዚያ ወዲህ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ አባላት ዘመቱ። በጦርነቱ የወደቁት የኒው ሳውዝ ዌልስ የዱር ተጓዦች መታሰቢያ ስፕሌንደር ሮክ በተባለው አለት ላይ የተተከለው የነሐስ ጽሑፍ ሲሆን በ1948 በኤፕሪል 25፣ የአገሪቱ ወታደሮች በሚታሰቡበት በአንዛክ ቀን ማለዳ ተመርቋል። ቦታው በመኪና አይደረስበትም። በየዓመቱ በዚያው ቀን ተጓዦች በዋዜማው ሄደው አድረው ጎሕ ሲቀድ እዚያ ይሰበሰባሉ።

የ1950ዎቹ ትልቁ ኪሳራ የበራጎራንግ ሸለቆ ነው። የዋራጋምባ ግድብ በ1960 ሲጠናቀቅ ሸለቆው ሐይቅ ሆነ። ለተጓዦቹ ከደቡቡ ዱር መውጫና መግቢያ የነበሩት መንገዶች፣ ወተትና ዳቦ ይሸጡላቸው የነበሩት የገበሬ ቤቶች ጠፉ። የጉንዱንጉራ ሕዝብ ያጣው ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ርስቱና የተቀደሱ ቦታዎቹ ውሃ ውስጥ ገቡ።

በ1968 ኮሎንግ የተባለውን ዋሻ አካባቢ ከኖራ ድንጋይ ቁፋሮ ለማዳን ኮሚቴ ተቋቋመ። ከመሪዎቹ አንዱ ሚሎ ደንፊ፣ ያ በጋሪ ወደ ካናንግራ የተገፋው ሕፃን፣ ነበሩ። ኮሚቴውን ለአሥርት ዓመታት በጸሐፊነት ያገለገሉት አሌክስ ኮሊ የክበቡ የቀድሞ ነብር ሲሆኑ በ2014 በ104 ዓመታቸው አርፈዋል። ቁፋሮው ቀረ፣ የቦይድ አምባም የጥድ ተክል ከመሆን ተረፈ፤ ግዛቱም በ1987 የዱር ምድር ጥበቃ ሕግ አወጣ። በ2000 የሰማያዊ ተራሮች ታላቁ ክልል፣ አንድ ሚሊዮን ሔክታር ገደማ፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ2019 እና በ2020 መካከል በደረሰው ቃጠሎ ጎስፐርስ ማውንቴን የተባለው እሳት ብቻውን ከ500,000 ሔክታር በላይ አቃጥሏል።

አሠራሩ

ክበቡ የጉዞ መርሐ ግብሩን አስቀድሞ ያወጣል። በእያንዳንዱ ጉዞ አጠገብ መሪው፣ መንገዱ፣ ርቀቱና የክብደት ደረጃው ይገለጻል፤ ደረጃዎቹም ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ናቸው። መሪዎቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው አባላት ናቸው፤ ለመሄድ የሚፈልግ ሰው ለመሪው አስቀድሞ ይነግራል፣ መሪውም ዐቅሙን ጠይቆ ይቀበለዋል ወይም ቀለል ያለ ጉዞ ይመክረዋል። አዲስ ገቢ ወዲያው ሙሉ አባል አይሆንም። በዕጩነት ቆይቶ፣ የተወሰኑ ጉዞዎች ሄዶ፣ ካርታ ማንበብና የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ መስጠት መቻሉን ማሳየት አለበት።

ጉዞዎቹ ብዙ ዓይነት ናቸው። ከባቡር ጣቢያ ወደ ባቡር ጣቢያ የሚደረግ የአንድ ቀን ጉዞ አለ። ከካቱምባ እስከ ጄኖላን ዋሻዎች 45 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው ሲክስ ፉት የተባለው የድሮ የፈረስ መንገድ አለ። ከካናንግራ እስከ ካቱምባ ያለው ጉዞ የከባዱ ደረጃ መለኪያ ሲሆን ክላውድሜከር፣ ፓራላይዘርና ጉዎጋንግ የተባሉትን ሦስት ከፍታዎች በአንድ ቅዳሜና እሁድ መዳረስ የነብሮቹ ዘመን ፈተና ሆኖ ቀርቷል። በበጋ ደግሞ በጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ በገመድ እየወረዱ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እየዋኙ የሚሄዱበት ጉዞ አለ። ዎለሚ ጥድ የተባለው፣ ከቅሪተ አካል በቀር የለም ተብሎ ይታመን ከነበረ የዛፍ ወገን የሆነው ዝርያ በ1994 በሕይወት የተገኘው እንዲህ ባለ ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ ያገኙት የፓርክ ሠራተኛ በትርፍ ጊዜያቸው የሚጓዙ ነበሩ።

ልማዶቹም ተለውጠዋል። ድሮ ባዶ ቆርቆሮን ቀጥቅጦ፣ አቃጥሎ መቅበር ጥሩ ሥነ ምግባር ነበር፤ ዛሬ የያዙትን ሁሉ ይዞ መመለስ ግዴታ ነው። ሻይ በሽቦ ጆሮ ባለው ጣሳ በእሳት ማፍላት የክበቡ ሕይወት ምልክት ቢሆንም በብዙ ቦታ እሳት ማንደድ ስለተከለከለ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ተተክቶበታል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ክበቡ በዶት በትለር አነሣሽነት በካንጋሩ ቫሊ ኩላና የተባለ መሬት ገዝቷል። አባላቱ ድንኳን ተክለው የሚያድሩበትና የአገሩን ዛፍ መልሰው የሚተክሉበት ነው።

ባሕር ማዶ

አባላቱ መጀመሪያ ዓይናቸውን የጣሉት በኒውዚላንድ ላይ ነው፤ በአውስትራሊያ ዋና ምድር የሌለ የበረዶ ግግር እዚያ አለ። 53.5 ኪሎ ሜትር የሆነውን የሚልፎርድን መንገድ መጓዝ፣ ወይም ከኩክ ተራራ ሥር ተነሥቶ በኮፕላንድ መተላለፊያ ወደ ምዕራብ ጠረፍ መሻገር ለአውስትራሊያዊ ተጓዥ የትምህርት ማጠናቀቂያ ያህል ነበር። የኮፕላንድ መሻገሪያ የበረዶ ግግሩ ሸሽቶ ቁልቁለቱ ስለተናደ አሁን አደገኛ ሆኗል። ዶት በትለር በ1950ዎቹ የኒውዚላንድ የተራራ ወጪዎች ክበብ የአውስትራሊያ ቅርንጫፍ እንዲመሠረት ከጣሩት አንዷ ሲሆኑ፣ ብዙ ወጣቶች በበረዶ ላይ መሄድን የተማሩት በእርሳቸው ብርታት ነው።

ከሁሉ የራቀውን የሄዱት ማሪ ባይልስ ናቸው። በ1900 በእንግሊዝ የተወለዱት ባይልስ በልጅነታቸው ወደ ሲድኒ መጥተው፣ በ1924 በኒው ሳውዝ ዌልስ በጠበቃነት ለመሥራት የመጀመሪያዋ ፈቃድ ያገኙ ሴት ሆኑ። በ1920ዎቹ መጨረሻ በጭነት መርከብ ዓለምን ዞረው በየደረሱበት ተራራ ወጡ፤ በኒውዚላንድም ከፍተኛውን የኩክ ተራራ ወጥተዋል። ወደ ክበቡ የገቡት በ1929 ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ በኒውዚላንድ ማሂታሂ ሸለቆ ከዚያ በፊት ያልተወጡ ጫፎች ላይ ደርሰዋል።

በ1938 ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ የተውጣጣ ትንሽ ቡድን መርተው ወደ ምዕራብ ቻይና፣ ወደ ቲቤት ድንበር አካባቢ ሄዱ። ቡድኑ በበርማ በኩል ገብቶ፣ በበቅሎ ጭኖ በእግር ተጉዞ፣ ሳንሴቶ ወደተባለው 6,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ተራራ ደረሰ። የአየር ሁኔታው ከለከላቸውና ከጫፉ በታች ተመለሱ። ለተራራ ወጪ ይህ ሽንፈት ነው። ባይልስ ግን በመንገድ ያዩአቸው ገዳማትና የዚያ አገር ሰዎች እርጋታ በአእምሯቸው ቀረ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የእግራቸው አጥንት ታሞ ረጅም ጉዞ ሲከለክላቸው ወደ ቡድሂዝም ትምህርት ተመለሱ፤ ወደ ሕንድ፣ ወደ በርማና ወደ ጃፓን ሄደው በየገዳሙ ተቀመጡ፣ በሲድኒም የቡድሂስቶችን ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ሆኑ። በ1979 ሲያርፉ ደን ያለበትን ግቢያቸውን ለቅርስ ጥበቃ ድርጅት አውርሰዋል። ከክበቡ አባላት ሁሉ ይህን ጸሐፊ ይበልጥ የሚማርኩት እርሳቸው ናቸው።

በ1969 ደግሞ ዶት በትለር፣ ዕድሜያቸው 60 ሊሞላ ሲቃረብ፣ ወደ ፔሩ አንዲስ ተራሮች የሄደ የአውስትራሊያውያን ቡድን አስተባበሩ።

የተራው አባል የውጭ ጉዞ የተስፋፋው አውሮፕላን ከረከሰና ኔፓል ለእንግዳ ከተከፈተች በኋላ ነው። በኔፓል በ1960ዎቹ አጋማሽ ሸርፓ መሪዎችና ተሸካሚዎች ያሉት የተደራጀ የእግር ጉዞ ንግድ ሲጀመር አውስትራሊያውያን ከቀዳሚዎቹ ደንበኞች መካከል ነበሩ። የአናፑርና ዙሪያ መንገድ ከፍተኛው ነጥብ ቶሮንግ ላ 5,416 ሜትር ነው፤ በአገሩ ከ2,228 ሜትር በላይ ወጥቶ ለማያውቅ ሰው የከፍታ ሕመም ከባድ ጉዳይ ስለሆነ ቀስ ብሎ መውጣትና የዕረፍት ቀን መያዝ በዝግጅት ስብሰባዎች ደጋግሞ ይነገራል። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ያለው 96 ኪሎ ሜትሩ የኮኮዳ መንገድ ከጉዞነቱ ሌላ የሐዘን ቦታም ነው፤ በ1942 አውስትራሊያውያንና ጃፓናውያን ወታደሮች የተዋጉበት ነውና።

የውጭ ጉዞዎች ከአገር ውስጡ የሚለዩት በአመራሩ ነው። አንድ አባል ሐሳቡን ያቀርባል፣ ፈላጊዎች ይሰበሰባሉ፣ ወጪውን ይካፈላሉ። የጉዞ ዋስትና እያንዳንዱ ለራሱ መግዛት ይኖርበታል። ሲመለሱ በመጽሔቱ ጽሑፍ ያወጣሉ፤ በክበቡ ምሽትም ፎቶግራፍ እያሳዩ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዋጋውና ስለ ውሃው ይናገራሉ። የሚቀጥለው ቡድን ዕቅዱን የሚጀምረው ከዚያ ምሽት ማስታወሻ ነው።

ለኢትዮጵያ አስጎብኚዎች ጠቃሚ የሚሆነው ልዩነት ይህ ነው። የእንዲህ ያለ ክበብ አባል የለመደው ራሱ መሸከም፣ ራሱ ማብሰል፣ መንገዱን ራሱ መፈለግ ነው። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ግን ተጓዥ ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብለታል፤ መሪ፣ ምግብ አብሳይና በቅሎም መከራየት የተለመደ ነው። ከሳንቃበር እስከ ግጭና ጨነቅ፣ ከዚያም ራስ ዳሸን ድረስ ያለው መንገድ በብዙ ቀን የሚሄድ፣ በየሰፈሩ ድንኳን የሚተከልበት በመሆኑ የእነዚህ ሰዎች ልማድ የሚፈልገውን ሁሉ ያሟላል፤ እንግዳው ስካውቱና በቅሎው ለምን እንደሚያስፈልጉ፣ ገቢውም ለየትኛው መንደር እንደሚደርስ አስቀድሞ ቢነገረው በደስታ ይቀበለዋል።